ዝምታ እምቢታ አይደለም፦ በተቀናጁ ዌብ ሰርቪሶች ውስጥ የጊዜ ገደብን መጻፍና ማረጋገጥ

ከጆሃንስበርግ ወደ ሆሳዕና የሚላክ ገንዘብ በአንድ ፕሮግራም ብቻ አይደርስም። የዕለቱን የምንዛሪ ዋጋ የሚሰጥ ሰርቪስ አለ፤ የላኪውንና የተቀባዩን ስም የሚያጣራ ሌላ አለ፤ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልክ፣ የተቀባዩን ሒሳብ የሚሞላ፣ በመጨረሻም «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል አጭር መልእክት የሚያደርስ አለ። እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ሰርቨር፣ የራሱ ፍጥነት አለው። እነዚህን አያይዞ እንደ አንድ አገልግሎት ማቅረብ የዌብ ሰርቪስ ቅንብር ይባላል። የቅንብሩ አስቸጋሪ ጠባይ ሁሉም ሰርቪሶች በየራሳቸው ትክክል ሆነው ሳለ፣ በጊዜ ስላልተገናኙ ብቻ አጠቃላዩ ሥራ ሊበላሽ መቻሉ ነው።

ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾም ሆነ በሾኔ ሐዋላ ማለት የልጅ ትምህርት ክፍያ፣ የሕክምና ወጪ፣ የቤት ማሠሪያ ነው። በመስቀል ሰሞን፣ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር ደግሞ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብን ከስልክ ጋር የሚያገናኙ አገልግሎቶችን መሥራት የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ ተቋም ተመርቃችሁ በአካባቢው የክፍያ፣ የትኬት ወይም የምዝገባ አገልግሎት ለምትሠሩ ነው።

መመሪያው የሚያስተምረው ዋና ነገር አንድ ነው። አንድ ሰርቪስ በተጠበቀው ጊዜ ካልመለሰ የምናውቀው አለመመለሱን ብቻ ነው። ሥራውን አልሠራም ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ያልጻፈ ቅንብር ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይልካል፣ ወይም የላኩትን ሰው «አልተላከም» ይለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ልዩነቱን በወረቀት እንድታሰፍሩ፣ በስሌት እንድትፈትሹና በሙከራ እንድታረጋግጡ ይረዷችኋል። የምንጠቀምባቸው ሰከንዶች ለልምምድ የተመረጡ ናቸው፤ የማንም ባንክ ወይም ድርጅት ልኬት አይደሉም።

ደረጃ 1፦ ሰርቪሶችን ሳይሆን ክስተቶችን ዘርዝሩ

የሰርቪሶች ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሳጥንና አራት ቀስት ነው። ጊዜ ግን የሚለካው ከክስተት እስከ ክስተት ነውና ለእያንዳንዱ ጥሪ አራት ክስተቶችን ጻፉ፦ ጥያቄው ከእኛ ወጣ፣ ጥያቄው እነሱ ዘንድ ደረሰ፣ ሥራው ተፈጸመ፣ መልሱ ለእኛ ደረሰ።

ሦስተኛውና አራተኛው መለየታቸው የዚህ ሥራ ሁሉ መሠረት ነው። ባንኩ የተቀባዩን ሒሳብ ከሞላ በኋላ የኔትወርክ መስመር ቢቋረጥ ሥራው ተፈጽሟል፤ መልሱ ግን አልደረሰም። የእናንተ ሰርቨር ከውጭ ሆኖ ሲያየው ይህ ሁኔታና ጥያቄው ጭራሽ ያልደረሰበት ሁኔታ አንድ ዓይነት ናቸው። በሥዕላችሁ ላይ ለሁለቱ የተለያየ ስም ካልሰጣችሁ በኮዳችሁ ውስጥም ተደባልቀው ይቀራሉ።

ከሰርቪሶች ውጭ ያሉ ክስተቶችንም አትርሱ፦ ላኪው «ላክ» የሚለውን ተጫነ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን አስገባ፣ የላኪው ገንዘብ ተያዘ፣ የምንዛሪው ዋጋ አለቀበት።

ደረጃ 2፦ በየትኛው ሰዓትና ቀን እንደምትለኩ ወስኑ

በእኛ አገር ይህ ደረጃ ከሌላው ዓለም ይልቅ ከበድ ይላል። በሆሳዕና «ጠዋት 2 ሰዓት» የምንለውን የደቡብ አፍሪካው አጋር ሰርቨር 07:00 ብሎ ይመዘግበዋል፤ የራሳችን ሰርቨር ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 08:00 ይለዋል። ሁለቱ አገሮች በአንድ ሰዓት ይለያያሉ፤ ሁለቱም በበጋና በክረምት ሰዓታቸውን አይቀይሩም።

አንድ ጉዳይ በቅርበት እንይ። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ ሰዓት 23:30 ላይ አንድ ላኪ «ላክ» ተጫነ እንበል። በዚያች ቅጽበት ሆሳዕና ከሌሊቱ 6:30 ሆኗል፤ ኮምፒውተሩ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቀይር መስከረም 1 ቀን 2017 ብሎ መዝግቧል። ገንዘቡ የተላከው በየትኛው ዓመት ነው? አገልግሎቱ የዓመት ወይም የወር ጣሪያ ካለው በየትኛው ላይ ይቆጠራል? «በወር» ስንልስ 30 ቀን ያለው የእኛ ወር ነው ወይስ የፈረንጆቹ? ጳጉሜንስ ራሷን የቻለች ወር ናት ወይስ የነሐሴ ተቀጥላ? መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት።

ሦስት ደንቦችን ያዙ። አንደኛ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ሰዓትን በዩቲሲ ብቻ አስቀምጡ፤ የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት ለተጠቃሚ ስታሳዩ ብቻ ቀይሩ። ሁለተኛ፣ ከአጋር ጋር በምትጽፉት ሰነድ ላይ ሰዓትን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሩ፦ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ማለትም 08:00 በዩቲሲ+3»። ሦስተኛ፣ ሰከንድ ለመቁጠር የግድግዳ ሰዓት የሚባለውን አትጠቀሙ። ሰርቨሩ ሰዓቱን ከኔትወርክ ሲያስተካክል ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና፣ ለቆይታ ልኬት ሞኖቶኒክ የሚባለውን፣ ወደ ፊት ብቻ የሚሄደውን ቆጣሪ ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ገደብ በስድስት ነጥብ ጻፉ

«ባንኩ ቶሎ መመለስ አለበት» የሚለው ምኞት ነው። ገደብ የሚሆነው ስድስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ከየትኛው ክስተት ይጀምራል፣ በየትኛው ያበቃል፣ ትንሹና ትልቁ ጊዜ ስንት ነው፣ የሚለካው በማን ሰዓት ነው፣ ኃላፊነቱ የማን ነው፣ ካለፈስ ምን ይደረጋል።

ምሳሌ፦ «የምንዛሪ ዋጋው ከተሰጠበት ቅጽበት ጀምሮ የተቀባዩ ሒሳብ እስኪሞላ ከ120 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። የሚለካው በዋጋ ሰጪው ሰርቪስ ሰዓት ነው። ኃላፊው ቅንብሩ ነው። ካለፈ ባንኩ ጥያቄውን አይፈጽምም፤ ለላኪው አዲስ ዋጋ ይቀርብለታል።» ይህ ገደብ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከወሰነ በኋላ ባንኮች ዋጋቸውን ራሳቸው ያወጣሉ። ዋጋ የሚቀያየር ከሆነ የዋጋ ዕድሜ የሚባል ነገር የግድ ይኖራል።

ትንሹን ጊዜ አትናቁት። «ቢያንስ ይህን ያህል ቆይ» የሚሉ ገደቦችም አሉ። ቆየት ብለን በደረጃ 7 እንደምናየው ቶሎ መጠየቅ ራሱ ስሕተት የሚሆንበት ቦታ አለ።

«ለዚህን ያህል ጊዜ» እና «እስከዚህ ሰዓት» የሚሉትንም ለዩ። በ2007 እ.ኤ.አ. በኦኤሲስ የጸደቀው የቅንብር ቋንቋ፣ ደብሊውኤስ-ቢፔል 2.0፣ ለሁለቱ የተለያዩ አጻጻፎች አሉት። በሌላ ቋንቋ ብትሠሩም ልዩነቱ ይኑራችሁ። የመጀመሪያው ጥሪው በተደገመ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል፤ ሁለተኛው አይታደስም። የምንዛሪ ዋጋ ዕድሜ ከሁለተኛው ዓይነት ነው። ይህን ሳያስተውሉ እንደ መጀመሪያው የጻፉት እንደሆነ፣ በየሙከራው ዋጋው ዕድሜ እየተጨመረለት ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ የምታዙትንና የማታዙትን ጊዜ ለዩ

በዝርዝራችሁ ፊት ሦስት ምልክት አድርጉ።

የመጀመሪያው እኛ የምናዘው ጊዜ ነው፦ ጥያቄውን መቼ እንደምናወጣ፣ መቼ ዳግም እንደምንሞክር። ሁለተኛው የማናዘው፣ ግን ልንቆርጠው የምንችለው ነው፦ ላኪው የማረጋገጫ ቁጥር እስኪያስገባ መጠበቅ እንችላለን፣ ካልሆነም ሰርዘን እንደ አዲስ ማስጀመር እንችላለን፤ እስካልገባ ድረስ የተነካ ገንዘብ የለም። ሦስተኛው የማናዘውም የማንቆርጠውም ነው። ባንኩን መጠበቅ ማቆም እንችላለን፤ ባንኩ መሥራቱን ግን ማስቆም አንችልም።

ታይምአውት የሚቆርጠው የእኛን ጥበቃ ብቻ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በቡድናችሁ ሰሌዳ ላይ ብትጽፉት ተገቢ ነው።

ደረጃ 5፦ የክፉውን ቀን ድምር ሥሩ

የልምምዳችን ሰርቪሶች እነዚህ ናቸው። የምንዛሪ ዋጋ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ይመልሳል። ስም ማጣራት ከ2 እስከ 20 ሰከንድ ይወስዳል። የማረጋገጫ ቁጥሩ ደርሶ ላኪው እስኪያስገባው ከ10 እስከ 90 ሰከንድ። ባንኩ ሒሳብ እስኪሞላ ከ2 እስከ 30 ሰከንድ። የዋጋው ዕድሜ 120 ሰከንድ ነው። ቅንብሩ ሥራውን የሚያስኬደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ዋጋ፣ ማጣራት፣ ማረጋገጫ ቁጥር፣ ባንክ።

በደኅና ቀን ዋጋው በ1፣ ማጣራቱ በ5፣ ላኪው በ25፣ ባንኩ በ4 ሰከንድ ይጨርሳሉ። ድምሩ 35 ነው። በዚህ ዓይነት ቀን መቶ ጊዜ ብትሞክሩት መቶ ጊዜ ያልፋል፤ ቡድኑም «ይሠራል» ብሎ ይለቀዋል።

አሁን የክፉውን ቀን ደምሩ። ዋጋው ወዲያው ተሰጥቶ መልሱ ለመድረስ 3 ሰከንድ ፈጀ፤ ማጣራቱ 20፣ ላኪው 90፣ ባንኩ 30። ድምሩ 143 ነው። የዋጋው ዕድሜ በ23 ሰከንድ አልፏል። አንድም ሰርቪስ ከተስማማበት ጊዜ አላለፈም፤ ጥፋቱ የቅንብሩ ብቻ ነው። ይህን ለማግኘት ኮድ መጻፍ አላስፈለገም፤ አንድ የስሌት ሠንጠረዥ በቂ ነው።

«ክፉ ቀን ስንት ጊዜ ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ከሥራ አስኪያጅ ይመጣባችኋል። አምስት ሰርቪሶች እያንዳንዳቸው ከመቶ 99 ጊዜ በሰዓቱ የሚመልሱ ቢሆኑና አንዱ የሌላውን መዘግየት የማይነካ ቢሆን፣ አምስቱም አንድ ላይ በሰዓቱ የሚጨርሱት ከመቶ 95 ጊዜ ያህል ነው። ከ1,000 ላኪዎች ወደ 49 የሚሆኑት የሆነ ቦታ ላይ መዘግየት ያጋጥማቸዋል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም የኔትወርክ መጨናነቅ ሲኖር ደግሞ ሰርቪሶቹ አብረው ስለሚዘገዩ ስሌቱ ይከፋል።

ደረጃ 6፦ ቅደም ተከተሉን ከሰከንዱ በፊት አስተካክሉ

ገደብ ሲጣስ ወደ ባንኩ ሄዶ «ፍጠኑልን» ማለት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። በመጀመሪያ የራሳችሁን ቅደም ተከተል እዩ። ስም ማጣራት የምንዛሪ ዋጋ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ከዋጋው በፊት ይምጣ። ድምሩ 3 ሲደመር 90 ሲደመር 30፣ ማለትም 123 ይሆናል። 20 ሰከንድ ያለ ምንም ወጪ ተገኘ፤ ግን አሁንም 3 ይተርፋል።

ቀጥሎ ልትቆርጡት የምትችሉትን ቁረጡ። የማረጋገጫ ቁጥሩን ዕድሜ ከ90 ወደ 80 አውርዱት። ድምሩ 113 ሆነ፤ 7 ሰከንድ መጠባበቂያ ቀረ። ይህ ትርፍ አይደለም፤ የሁለት ሰርቨሮች ሰዓት መለያየትን የሚሸፍን ነው። የሰዓት ልዩነቱ እስከ 2 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል ብላችሁ ከያዛችሁ 7 ይበቃል። በሌላ በኩል ማሳጠሩ ማንን እንደሚጎዳ አስቡ፤ ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ያለ ሰው ቁጥሩ ዘግይቶ ሊደርሰው ይችላልና፣ ጊዜው ሲያልቅበት ከመጀመሪያው ሳይሆን ከዋጋው ደረጃ ብቻ እንዲጀምር አድርጉ።

ገደቦቹ ሃያና ሠላሳ ሲሆኑ በእጅ መደመር አይመችም። በ1991 እ.ኤ.አ. ሪና ደችተር፣ ኢታይ መይሪና ጁዲያ ፐርል ያቀረቡት ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ክስተቶቹን ነጥብ፣ ገደቦቹን ቀስት አድርጋችሁ ትሥላላችሁ፤ «ቢበዛ 30» ወደ ፊት የሚሄድ የ30 ቀስት፣ «ቢያንስ 2» ወደ ኋላ የሚመለስ የ−2 ቀስት ይሆናል። በዚህ ሥዕል ላይ ዞሮ ሲደመር ከዜሮ በታች የሚሆን ቀለበት ከተገኘ ገደቦቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ይህን የሚፈልገውን የቤልማን-ፎርድ ስልት በአልጎሪዝም ኮርስ ተምራችሁታል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በዚህ ፍተሻ «አይጋጭም» ማለት ሁሉም ነገር የሚሳካበት ቢያንስ አንድ ዕድለኛ ቀን አለ ማለት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቅደም ተከተላችን፣ 143 የሆነው፣ ይህን ፍተሻ ያልፋል፤ ላኪው በ10 ሰከንድ ካስገባ ይሳካልና። ላኪውን ግን አናዘውም። ስለዚህ በደረጃ 4 «የማናዘው» ብላችሁ ምልክት ያደረጋችሁበትን ሁሉ በትልቁ ቁጥሩ ይዛችሁ ደግማችሁ አስሉ፤ ትንሹ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ገደብ ካለም በትንሹ ሞክሩት።

ደረጃ 7፦ ከታይምአውት በኋላ ያለውን መንገድ ጻፉ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ገንዘብ የሚጠፋውና የሚደገመው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ የታይምአውቶቹን ተዋረድ አስተካክሉ። የስልኩ አፕ ሰርቨሩን 20 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ሰርቨሩ ባንኩን 30 ሰከንድ ይጠብቃል እንበል። ባንኩ በ25ኛው ሰከንድ ሒሳቡን ሞላ። አፑ በ20ኛው ላይ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ብሏል፤ ላኪው ደግሞ ተጫነ። ሁለት ጊዜ ተላከ። ስለዚህ ውጪ ያለው ጠባቂ ከውስጠኛው ይበልጥ መጠበቅ አለበት። ከዚህም የሚሻለው ሰርቨሩ «ተቀብለናል» ብሎ የግብይት ቁጥር ወዲያው እንዲሰጥና ውጤቱን በኋላ እንዲያሳውቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ግብይት «ላክ» ሲጫን የሚፈጠርና በዳግም ሙከራም የማይቀየር አንድ መለያ ቁጥር ይኑረው። ባንኩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ሥራውን ሳይደግም የመጀመሪያውን ውጤት እንዲመልስ በውል አስገቡ። ይህ ስምምነት ከሌለ ዳግም ሙከራ ጭራሽ አትፍቀዱ። ዳግም ሙከራውም በአንድ ደረጃ ላይ ብቻ ይሁን። አፑ 3 ጊዜ፣ ሰርቨሩም 3 ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ ባንኩ ለአንድ ግብይት 9 ጥሪ ሊደርሰው ይችላል፤ ያውም በተጨናነቀበት ሰዓት።

ሦስተኛ፣ «ምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቂያ መንገድ ይኑር፤ የሚጠየቅበትም ጊዜ ይወሰን። ስውሩ ወጥመድ ይህ ነው፦ ታይምአውት እንደሆነ ወዲያው ብትጠይቁ ባንኩ «ይህን ቁጥር አላውቀውም» ሊል ይችላል፤ ጥያቄው ገና መንገድ ላይ ነውና። እናንተ ለላኪው ገንዘቡን ትመልሳላችሁ፤ ከአፍታ በኋላ የዘገየው ጥያቄ ደርሶ ሒሳቡ ይሞላል። መፍትሔው በጥያቄው ላይ «ከዚህ ሰዓት በኋላ አትፈጽም» የሚል ማብቂያ ማስፈር ነው። ማብቂያው የዋጋው ዕድሜ ከሆነ፣ ከዚያ 5 ሰከንድ ቆይታችሁ የምታገኙት መልስ የመጨረሻ ነው። «ቢያንስ ቆይ» የሚለው ገደብ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ገንዘብ የሚመለሰው ቁርጥ ያለ «አልተፈጸመም» ከተገኘ በኋላ ብቻ ይሁን። ሄክቶር ጋርሲያ-ሞሊና እና ኬኔት ሳሌም በ1987 እ.ኤ.አ. ሳጋ ብለው የሰየሙት አሠራር ረጅም ግብይትን በትንንሽ ከፍሎ፣ አንዱ ሲከሽፍ የቀደሙትን በማካካሻ ይቀለብሳል። ማካካሻ የሚሠራው ግን ለታወቀ ክሽፈት ነው። ያልታወቀው እስኪታወቅ «እየተጣራ» የሚባል ራሱን የቻለ ሁኔታ ይሰጠው፤ ይህም ሰው የሚያየውና ቀነ ገደብ ያለው ይሁን።

አሁን ለደንበኛው የሚሰጠውን ቃል ማስላት ትችላላችሁ። ማጣራት 20፣ ዋጋ 3፣ የዋጋው ዕድሜ 120፣ ቆይታ 5፤ ድምሩ 148። ለመጠየቂያው መልስ 10 ብንጨምር 158 ነው። ስለዚህ «በ3 ደቂቃ ውስጥ ገብቷል፣ አልገባም፣ ወይም እየተጣራ ነው ብለን እናሳይዎታለን» ብላችሁ በድፍረት ልትጽፉ ትችላላችሁ፤ 22 ሰከንድ ይተርፋችኋል። «በ3 ደቂቃ ይገባል» ግን ልትሉ አትችሉም።

የአጭር መልእክቱንም ነገር አስቡበት። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ኤስኤምኤስ በአንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍ 160። ሀዲይሳና ከምባትሳ በላቲን ስለሚጻፉ በአንድ መልእክት ሊያልቁ ይችላሉ፤ ረጅም አማርኛ ግን ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ክፍሎቹም አንድ ላይ ላይደርሱ ይችላሉ። ዋናውን ቃል አስቀድሙ፦ «እየተጣራ ነው። ደግመው አይላኩ።»

ደረጃ 8፦ በሞዴል አረጋግጡ

ድምር አንድ መንገድ ይፈትሻል። መንገዶቹ ሲቆላለፉ፣ ለምሳሌ ላኪው ሁለት ጊዜ ሲጫን፣ መልስ ዘግይቶ ሲመጣ፣ መጠየቂያው ከመልሱ ጋር ሲገጣጠም፣ ሁሉንም የሚያስስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ራጂቭ አሉርና ዴቪድ ዲል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያበጁት ታይምድ አውቶማታ የተባለው ሞዴል ለዚህ ምቹ ነው። በስዊድኑ ኡፕሳላና በዴንማርኩ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲዎች የተሠራው ኡፓል የተባለው ሶፍትዌር ይህን ሞዴል ይፈትሻል፤ ለትምህርትና ለምርምር ሥራ በነጻ ይገኛል።

ለላኪው፣ ለቅንብሩ፣ ለባንኩና ለኔትወርኩ አንድ አንድ አውቶማታ ሥሩ። ሁለት ቆጣሪዎች ይብቋችሁ፦ ዋጋው ሲሰጥ ከዜሮ የሚጀምር አንድ፣ ጥያቄው ወደ ባንክ ሲወጣ የሚጀምር ሁለተኛ። «ባንኩን ጥበቃ» በሚለው ቦታ ላይ «ሁለተኛው ቆጣሪ ≤ 30» ብላችሁ ስትጽፉ ከዚያ በላይ እዚያ መቆየት አይቻልም ማለት ነው። በመልሱ ቀስት ላይ «≥ 2» ብትጽፉ ከዚያ በፊት መልስ አይመጣም ማለት ነው። ኔትወርኩ መልሱን ሊጥለው የሚችልበት ቀስትም ይኑር፤ ያ ቀስት የሌለው ሞዴል ዝምታን አያውቅም።

ከዚያ አምስት ጥያቄ ጠይቁ። አንድ፣ ገንዘቡ በሰላም የሚገባበት መንገድ አለ? ይህ ሁልጊዜ መቅደም አለበት፤ ምንም የማይንቀሳቀስ ሞዴል «ስሕተት የለም» የሚለውን ፈተና ሁሉ ያልፋልና። ሁለት፣ ሥርዓቱ የትም ሳይደርስ ተቆልፎ የሚቀርበት ቦታ አለ? ሦስት፣ ዋጋው ካለቀበት በኋላ ሒሳብ የሚሞላበት መንገድ አለ? አራት፣ አንድ ግብይት ሁለት ጊዜ የሚፈጸምበት አለ? አምስት፣ የላኪው ገንዘብ በተያዘ ቁጥር መጨረሻው ወይ መግባት ወይ መመለስ ይሆናል?

አንዱ ሲወድቅ መሣሪያው እስከ ስሕተቱ ያደረሰውን የክስተት ሰንሰለት ከነሰከንዱ ሊያሳያችሁ ይችላል። ያንን ሰንሰለት አትጣሉት፤ ለቀጣዩ ደረጃ የሙከራ ዕቅድ ይሆናችኋል።

ደረጃ 9፦ ሆን ብላችሁ አዘግዩ

ሞዴሉ ትክክል ሆኖ ኮዱ ሊሳሳት ይችላል። የእያንዳንዱን አጋር አስመሳይ ሰርቪስ ሥሩና መዘግየቱን እናንተ ቀይሩት። ከሁሉ በፊት ድንበሮቹን ሞክሩ፦ 29፣ 30 እና 31 ሰከንድ። ቀጥሎ ሥራውን ፈጽሞ ዝም የሚል ባንክ፣ ምንም ሳይፈጽም ዝም የሚል ባንክ፣ ከታይምአውት በኋላ «ተሳክቷል» ብሎ የሚመጣ ባንክ ሥሩ። በሦስቱም የሒሳቡ መጨረሻ አንድ ብር እንኳ ሳይዛነፍ መታረቅ አለበት። የራሳችሁን ሰርቨር ጥያቄው ከወጣ በኋላ አጥፍታችሁ አስነሡት፤ የጀመረውን ጥበቃ ከዳታቤዝ አንብቦ ከቆመበት ካልቀጠለ፣ መብራት በጠፋ ቀን ግብይት ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ቁጥሮቻችሁን ከቦታው ለኩ። አዲስ አበባ ካለ ቢሮ በጥሩ መስመር የተለካ የማረጋገጫ ቁጥር መድረሻ ጊዜ ለዶዮገና ወይም ለሆመቾ ማስረጃ አይሆንም። በገበያ ቀን፣ በምሽትና ዝናብ ባለበት ሰዓት ለኩ። አማካዩን ሳይሆን ከመቶ 99ኛውን ያዙ።

ደረጃ 10፦ ከተለቀቀ በኋላም ማረጋገጡን ቀጥሉ

ያረጋገጣችሁት ሁሉ «ባንኩ በ30 ሰከንድ ከመለሰ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ የቆመ ነው። ቅድመ ሁኔታው ሲፈርስ ማረጋገጫውም አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ በደረጃ 1 የጻፋችኋቸው ክስተቶች ሁሉ ከግብይት ቁጥራቸውና ከሰዓታቸው ጋር ሎግ ላይ ይስፈሩ፤ አንድ ትንሽ ፕሮግራም በየሰዓቱ ልኬቱን ከገደቡ ጋር ያነጻጽር። ባንኩ ከመቶ 99 ጊዜ በ30 ይመልስ የነበረው 40 መፍጀት ሲጀምር፣ ደንበኛ ከመደወሉ በፊት እናንተ ማወቅ አለባችሁ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ያሆዴና መሳላ ሳይደርሱ፣ የደረጃ 5ን ድምር ባለፈው መስከረም ልኬት እንደገና ሥሩት።

ከየት ትጀምሩ?

አሥሩንም በአንድ ጊዜ መሥራት አይጠበቅባችሁም። በእጃችሁ ካለው አገልግሎት አንድ ጥሪ ብቻ ምረጡ፤ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰውን። ስድስቱን ነጥብ በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፉ። ከዚያ ገጹን ይዛችሁ ወደ አጋር ባንካችሁ ወይም ድርጅታችሁ የቴክኒክ ክፍል ግቡና ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ትልቁ የመልስ ጊዜያችሁ ስንት ነው? አንድ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ማብቂያ ሰዓቱ ያለፈ ጥያቄ ትፈጽማላችሁ? ሦስቱ መልሶች በውሉ ላይ ካልሰፈሩ የቀሩት ደረጃዎች የሚቆሙበት መሠረት የላቸውምና፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አስፈርሟቸው። ገንዘቡን የሚጠብቀው ሰው ስለ ታይምአውት የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ እናንተ ግን በእሱ ፈንታ ልታውቁት ኃላፊነት ወስዳችኋል።